ልሂድ ወይስ ልቆይ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከመስከረም 26 ጀምሮ በፈቃድ የምንጾመው ጾመ ጽጌ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን የምናስብበት ነው። በእኛ አገር ይህ ወቅት ሌላም መንገደኛ አለው። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ የጃናሞራው፣ የበየዳውና የዳባቱ ጎልማሳ ማጭዱን ይዞ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ሲወርድ ኖሯል። ዝናብ ሲጠፋ ወይም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ «ልሂድ ወይስ ልቆይ?» የማይባልበት ቤት የለም።

ታዲያ መጽሐፍ ምን ያስተምረናል? ረሃብ በሆነ ጊዜ አብርሃም ወደ ግብፅ ወረደ (ዘፍ. 12፥10)፤ በዚያም ሚስቱን ሣራን ሊያጣ ነበር። በልጁ በይስሐቅ ዘመንም ረሃብ ሆነ፤ እርሱ ግን እንዳይወርድ ታዘዘ፤ በዚያው ዘርቶ መቶ እጥፍ አገኘ (ዘፍ. 26፥1-12)። አባትና ልጅ፣ ችግሩ አንድ፣ መንገዱ ሁለት! ስለዚህ የሄደውን ፈሪ፣ የቀረውን ሞኝ አንበል። ይልቅ አረጋዊ ዮሴፍን እንመልከት (ማቴ. 2፥13-21)።

አንደኛ፦ ከምን ሸሸ? ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል ይፈልግ ነበርና ሸሸ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሲደርስ ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ ልጁን አዝሎ ወደ ደባርቅና ዳባት የወጣ ሰው እምነት ጎደለው አይባልም። «እገሌ ሄዶ ቆርቆሮ ቤት ሠራ» የሚል ወሬ ግን ሄሮድስ አይደለም።

ሁለተኛ፦ ማንን ይዞ ወጣ? ሕፃኑንና እናቱን ይዞ እንጂ ብቻውን አልሮጠም። አንተስ ወንድሜ፣ ብቻህን የምትሄድ ከሆነ ጎተራው ውስጥ ምን አለ? በሬውን ማን ይጠምዳል? ለአሮጊት እናትህ ውኃ ማን ይቀዳላታል? ይህን ሳይመልሱ መሄድ ጥሎ መጥፋት ነው። አንተም የቀረኸው ጎረቤት፣ የሄደውን ከማማት ማሳውን እጨድለት፤ ያንተም ጾም ይኸው ነው።

ሦስተኛ፦ መመለሱን አልረሳም። ሄሮድስ መሞቱ ሲነገረው ተነሥቶ ተመለሰ። መመለስ ደግሞ በጤና ነው። በቆላ ካላዛርን የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ሌሊት ይነክሳልና አጎበር ያዝ፤ ከግራር ሥር ሜዳ ላይ አትተኛ። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ በሽታው ሲገባ መጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር። ስትመለስ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ከከሳህና ጣፊያህ ካበጠ ጠበሉንም ተጠመቅ፣ ሐኪም ቤትም ሂድ፤ ከቆላ መመለስህንም አትደብቅ።

እንግዲህ ሳትጸልይ፣ ከሚስትህ ሳትመክር፣ ለንስሐ አባትህ ሳትነግር በአንድ ሌሊት አትወስን። ዮሴፍ ሲወጣም ሲመለስም ታዝዞ እንጂ ደርሶ አልተነሣም።

ኅዳር 6 ቀን የስደቱ መታሰቢያ የሆነችው የቁስቋም በዓል ናት። በጎንደር እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም በዚሁ ስም ተሰየመች። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ የጎንደርን አድባራት ሲያቃጥል እርሷም ተቃጠለች፤ ሕዝቡም ተበተነ። ነገር ግን ዳግም ታነጸች፤ በዓሏም ይከበራል። የሄደ ካልረሳ፣ የቀረም ካልዘጋበት አገር አይጠፋም።

በስደት የተንከራተተች እመቤታችን የሄደውን በሰላም ትመልስልን፤ የቀረውንም ትጠብቅልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።