ላሚቱ ትበላለች፤ ሥጋዋ የት ይሄዳል?



እኔ ፊደል ላስተምር ወደ ገጠር የመጣሁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። ስለ ከብት ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የዛሬውን ትምህርት ከመጽሐፍ ብቻ አላወጣሁትም። በዓይኔ ያየሁትን ይዤ፣ ያልገባኝን ጠይቄ ነው የጻፍኩት።

ባረፍኩበት ቤት አንዲት ቀይ ላም ነበረች። ሁለተኛ ጥጃዋን በወለደች በጥቂት ሳምንት ወተቷ ቀነሰ። ቀጥሎም ያስቀምጣት ጀመር። ተቅማጡ ደም የለበትም፤ ትኩሳትም የላትም። የቤቱ እመቤት እማማ ድርቆሽ ጨመሩላት፤ አተላ ሰጧት፤ ጨው አላሷት። ላሚቱ የሰጧትን ሁሉ ትበላለች። ነገር ግን ከቀን ወደ ቀን አጥንቷ እየወጣ ሄደ።

አንድ ማታ እማማ እሳት ዳር ተቀምጠው፦

«አንተ ልጅ፣ ተምረሃል ይሉሃል። እስቲ ንገረኝ፤ ይህች ላም ትበላለች፤ ሥጋዋ የት ይሄዳል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ የእንስሳት ሐኪሙን ጠየቅሁ። ሐኪሙ መጥቶ አያት፤ ከእበቷም ናሙና ወስዶ ወደ ምርመራ ክፍል ላከ። ላሚቱ ግን መልሱን አልጠበቀችም፤ ሞተች። ሐኪሙ ሆዷን ከፍቶ አንጀቷን ሰንጥቆ አሳየን። የጤነኛ ከብት አንጀት ስስ ነው። የእሷ ግን ወፍሯል፤ ውስጡም እንደ ታረሰ ማሳ ትልም በትልም ሆኗል። የምርመራው መልስ ከወራት በኋላ መጣ። በሽታው «የዮነ በሽታ» የሚባለው ነበር።

ይህ በሽታ ምንድን ነው? የከብቷ ሰውነት ለምን አላሸነፈውም? እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን? አንድ በአንድ እንመልከት።

በሽታው ምንድን ነው?

የዮነ በሽታ በጀርም የሚመጣ የአንጀት በሽታ ነው። ላምን፣ በሬን፣ በግንና ፍየልን ይይዛል። ስሙን ያገኘው ዮነ ከሚባል የጀርመን አገር የእንስሳት ሐኪም ነው። ዮነ ፍሮቲንግሃም ከሚባል ባልደረባው ጋር ሆኖ ስለ በሽታው የጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1895 ነበር። ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ የሳንባ ነቀርሳ ዓይነት መስሏቸው ነበር። ጀርሞቹ የአንድ ዘር ዘመዳሞች ናቸውና አልተሳሳቱም ማለት ይቻላል። ነገር ግን በሽታው የተለየ መሆኑን በ1906 ባንግ የሚባል የዴንማርክ ሐኪም አሳየ።

በሽታው በብዙ አገሮች አለ። በአገራችንም በከብቶች ላይ በተደረጉ የደም ምርመራዎች ምልክቱ ተገኝቷል።

ጀርሙ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛው፣ እንደ ሰም ያለ ቅባታም ልብስ ለብሷል። ስለዚህ በቀላሉ አይሞትም። ጥላ ባለበት እርጥብ ቦታ በእበትና በውሃ ውስጥ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛው፣ በጣም ዝግተኛ ነው። ሌላው የአንጀት ጀርም በ20 ደቂቃ አንዱ ሁለት ይሆናል። ይህኛው ግን አንዱ ሁለት ለመሆን አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። የምርመራው መልስ የዘገየብንም ለዚህ ነው።

የሰውነት ዘበኞች

የሰብል ዘበኛ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍና ዝንጀሮ እንደሚጠብቅ፣ የከብትም ሰውነት ዘበኞች አሉት። እነዚህ ነጭ የደም ሕዋሳት ይባላሉ። በዓይን አይታዩም። በደምና በሥጋ ውስጥ ይዞራሉ። በአንጀት ግድግዳ ላይ ደግሞ በብዛት ይሰፍራሉ፤ ምክንያቱም ከሣርና ከውሃ ጋር ብዙ ጀርም የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

ከዘበኞቹ አንዱ ዓይነት ዋጭ ሕዋስ ነው። ጀርም ሲያገኝ ይውጠዋል፤ ውጦም ይፈጨዋል። አብዛኛው ጀርም በዚሁ ያልቃል።

ሰውነት እንዴት እንደሚያሸንፍ ለማወቅ የደስታን በሽታ አስቡ። ይህ በሽታ በ1880 ዓ.ም. ገደማ አገራችን ገብቶ ከብቱን ፈጀ፤ «ክፉ ቀን» የተባለውንም ረሃብ አመጣ። ሆኖም ከደስታ የተረፈ ከብት ዳግመኛ አይያዝም ነበር። ዘበኞቹ ጠላታቸውን አንዴ ካወቁት አይረሱትም። ክትባቱም የሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በክትባት ብርታት የደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታወጀ።

የዮነ በሽታ ግን እንዲህ አይደለም። ለምን?

ዘበኛው ቤት የተደበቀ ሌባ

ጀርሙ ወደ ጥጃ ሆድ የሚገባው በአፍ ነው። ጥጃው በእበት የተበከለ ጡት ሲጠባ፣ የቆሸሸ ገለባ ሲልስ ወይም የተበከለ ውሃ ሲጠጣ ይውጠዋል። ጀርሙ በእንገርና በወተት ውስጥም ሊገኝ ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ጥጃው በእናቱ ሆድ ሳለ ይያዛል።

ጀርሙ ከቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ሲደርስ በግድግዳው ያልፋል። እዚያ ዋጭ ሕዋሱ ይጠብቀዋል፤ አግኝቶም ይውጠዋል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ጀርም ሲዋጥ አይሞትም። የሚፈጨውን ነገር ወደ እሱ እንዳይደርስ ያግዳል። ከዚያም እዚያው በዋጩ ሆድ ውስጥ ተደላድሎ ይኖራል፤ ቀስ ብሎም ይራባል።

ነቀዝን አስቡ። ጎተራውን በደንብ ለቅልቀን በሩን ብንዘጋ ከውጭ የሚመጣውን አይጥ እንከለክላለን። ነቀዙ ግን ከእህሉ ፍሬ ውስጥ ነው። ይህም ጀርም እንዲሁ ነው። ሌባው የተደበቀው በዘበኛው ቤት ነው።

አጥርና የዘገየ ጦር

ሰውነት ግን ዝም ብሎ አያይም። ሌሎች ነጭ ሕዋሳት ይጠራሉ። እነሱም ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። ይህ ንጥረ ነገር ለዋጩ ሕዋስ «በርታ፣ የዋጥከውን ፍጭ!» እንደሚል ትእዛዝ ነው። ዋጮቹ ይበረታሉ፤ ጀርሙን ከብበው አጥር ይሠሩበታል። በዚህ ጊዜ ከብቷ ጤነኛ ናት። ትበላለች፣ ትወፍራለች፣ ትወልዳለች። አንዳንዷ ከብት ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ትኖራለች።

በሌላዋ ግን ከ2 እስከ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ አጥሩ ይላላል። ብዙ ጊዜ የሚላላው ሰውነቷ ሲደክም፣ ለምሳሌ ከወለደች በኋላ ነው። ትእዛዙ ይደክማል፤ ጀርሙም ይበዛል።

በዚህ ጊዜ ሌላ ጦር ይነሣል። ፀረ አካል ይባላል፤ በደም ውስጥ የሚዞር መከላከያ ነው። ከውጭ የሚያገኘውን ጀርም ይይዛል። ነገር ግን ሕዋስ ውስጥ የተደበቀውን አያገኘውም። ስለዚህ የደም ምርመራ ብዙ ፀረ አካል ቢያሳይ ከብቷ ዳነች ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በሽታው እየበረታ ነው። በሽታው ገና ሲጀምር ደግሞ ፀረ አካል በደም ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተመርምሮ «የለባትም» ቢባል ፈጽሞ ጤነኛ ናት ብሎ መተማመን አይቻልም።

ሥጋዋ የት ሄደ?

አሁን የእማማን ጥያቄ እንመልስ።

ጀርሙ ሲበዛ ሰውነት ዘበኛ በዘበኛ ላይ ይልካል። ሁሉም ወደ አንጀት ግድግዳ ይጎርፋሉ፤ ጀርሙን ይውጣሉ፤ ሊገድሉት ግን አይችሉም። ቦታውንም አይለቁም። በዚህ ምክንያት ግድግዳው ይወፍራል። ያ እንደ ትልም ሆኖ ያየነው ነገር የተከማቸው የላሚቱ የራሷ ዘበኛ ነው።

የወፈረ አንጀት ምግብ ወደ ደም አያሳልፍም። ከዚህም በላይ በደም ውስጥ ያለው ገንቢ ምግብ ወደ አንጀት እየፈሰሰ ከእበት ጋር ይወጣል። ስለዚህ ላሚቱ እየበላች ትራባለች። ከመንጋጋዋ ሥርም ውሃ ቋጥሮ ሊያብጥ ይችላል።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው፦ ሥጋዋ የሄደው ወደ እበቱ ነው። በእበቱ ውስጥም ጀርሙ አለ። በሽታው በጠናባት ላም በአንዲት ቆንጥር እበት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ጀርም ይገኛል።

ምን እናድርግ?

ለዚህ በሽታ የሚያድን መድኃኒት የለም። በአንዳንድ አገሮች ክትባት አለ። ክትባቱ ሕመሙንና ከእበት ጋር የሚወጣውን ጀርም ይቀንሳል፤ መያዝን ግን ፈጽሞ አይከለክልም። ስለዚህ የከብቷ ዘበኛ ያልቻለውን ሥራ ባለቤቱ መሥራት አለበት።

በቀላሉ የሚያዘው ትንሽ ጥጃ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ አዲስ የተወለደው፣ ቀጥሎም ከ6 ወር በታች ያለው። ሥራችንን ሁሉ በአንድ ቃል ብንጠቀልለው፦ የትልቅ ከብት እበትና የጥጃ አፍ አይገናኙ።

1. ላሚቱ በደረቅና በጸዳ ቦታ፣ በአዲስ ጉዝጓዝ ላይ ትውለድ።

2. ጥጃው ከመጥባቱ በፊት ግቷንና ጡቷን በንጹሕ ውሃ እጠቡ።

3. የጥጃውን ማደሪያ ከትልልቆቹ በረት ለዩ። ገለባና ውሃ መሬት ላይ አታኑሩለት፤ ከፍ ባለ ገንዳ ስጡት።

4. የሚያስቀምጣትንና የምትከሳውን ላም ከሌሎቹ ለዩ። እበቷን ጥጃ በሚግጥበት ሣር ላይ አትጣሉ። ከኩሬና ከምንጭም አርቁ።

5. የታመመች ላም ለሌላው ጥጃ እንገር አትስጥ።

6. ሐኪም ጥሩ። የከሳ ከብት ሁሉ የዮነ በሽታ አለበት ማለት አይደለም። የሆድ ትልም ያከሳል። ኩልኩልት የምንለው የጉበት ትልም ከመንጋጋ ሥር ያሳብጣል። እነዚህ ግን መድኃኒት አላቸው። ሳይመረመር ተስፋ መቁረጥም ሆነ መሸጥ አይገባም።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ላም ስትከሳ «ሳትሞት ልሽጣት» ማለት የተለመደ ነው። እማማም እንዲህ አስበው ነበር። ችግራቸው ይገባኛል፤ ሌላ ሀብት የላቸውም። ነገር ግን ይህች ላም ገበያ ወጥታ ብትሸጥ የገዛት ሌላ ገበሬ ነው። ግጦሹ የጋራ፣ ወንዙም የጋራ ነው። ዛሬ የጎረቤት በረት የገባ ጀርም ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመልሶ የኛን ጥጃ ያገኛል። ስለዚህ ጉዳዩን በማኅበራችሁ ስብሰባ አንሡት። ከብት ስትገዙም «በዚህ በረት እየበላ የከሳ ከብት ነበረ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሐኪሙ ይህን ሁሉ ሲያስረዳን እማማ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ የቀይዋን ላም ጥጃ አዩና «እሷስ?» አሉ። ጥጃዋ ደህና ትመስላለች፤ ትቦርቃለች። ሐኪሙ ግን «ዛሬ ደህና መምሰሏ አያስተማምንም። ለዘር አያስቀሯት፤ ለብቻዋም ትደር» አላቸው። እማማ ጥቂት አሰቡ። «የእናቷን መልክ ይዛለች» አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩም።

በረቱ ውስጥ ሌላ ላም ልትወልድ ደርሳ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት እማማ መጥረጊያ ይዘው ወጡ፤ እኔም አካፋ ያዝኩ። ከበረቱ ራቅ ብሎ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ጠረግን፤ አዲስ ገለባም ጎዘጎዝን።

አዲስ ቃላት

ሕዋስ — ሕይወት ያለው አካል የተሠራበት፣ በዓይን የማይታይ ትንሽ ክፍል።
ጀርም — በሽታ የሚያመጣ፣ በዓይን የማይታይ ነገር።
ፀረ አካል — ሰውነት በደሙ ውስጥ የሚያዘጋጀው የጀርም መከላከያ።
ናሙና — ለምርመራ ከብዙው የሚወሰድ ጥቂት።

ካነበባችሁ በኋላ ተወያዩ

1. ዋጭ ሕዋስ ይህን ጀርም ውጦ ለምን አይገድለውም?
2. ላሚቱ እየበላች የምትከሳው ለምንድን ነው?
3. በቤታችሁ ጥጃ የሚያድረው የት ነው? ምን ቢለወጥ ይሻላል?
4. የታመመች ላም ያለው ጎረቤት ሳይሸጣት እንዲቆይ ማኅበሩ እንዴት ሊረዳው ይችላል?