ስለ ንቅሳት፦ ከመነቀስ በፊት ልናስተውለው የሚገባን

በአንድ ቁምስና ትምህርተ ክርስቶስ ከሚማሩ ወጣቶች አንዱ በክንዱ ላይ መስቀል ለመነቀስ ማሰቡን ለእናቱ ነገራቸው። እናቱም ደንግጠው፣ «ይህ የዱርዬዎች ሥራ ነው፤ መጽሐፍም ይከለክላል» ብለው ተቆጡ። ወጣቱ አልተከራከረም፤ የእናቱን ግንባር ብቻ ተመለከተ። በልጅነታቸው የተነቀሱት መስቀል ዛሬም በግንባራቸው ላይ አለና። በሚቀጥለው እሑድ ጥያቄውን ወደ መምህሩ ይዞት መጣ፤ «የእናቴ መስቀል የሃይማኖት ምልክት ከሆነ የእኔ በምን ምክንያት ኃጢአት ይሆናል?»

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጥያቄ «ክልክል ነው» ወይም «ምንም አይደለም» በሚል አጭር መልስ የሚታለፍ አይደለም። ሁለቱም መልሶች ጠያቂውን ከማሰብ ያሳርፉታል እንጂ አያስተምሩትም።

በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28 ነው። በዚያ ስፍራ የእስራኤል ልጆች ስለ ሞተ ሰው ሥጋቸውን እንዳይቆርጡ፣ በገላቸውም ላይ ምልክት እንዳያደርጉ ታዝዘዋል። ትእዛዙ ከአሕዛብ የልቅሶና የአምልኮ ልማድ እንዲለዩ የተሰጠ መሆኑን ከጥቅሱ በፊትና በኋላ ያለው ቃል ያስረዳል። ከዚህ አንድ ቁጥር ቀደም ብሎ የጢምን ዳር መላጨት፣ በቁጥር 19 ደግሞ ከሁለት ዓይነት ክር የተሠራ ልብስ መልበስ ተከልክሏል። ጢሙን ተላጭቶ ይህን ጥቅስ በልጁ ላይ የሚያነሣ አባት እነዚያንም ቁጥሮች ቢያነብ መልካም ነው። ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ባደረጉት ጉባኤ (የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15) ከአሕዛብ ወገን ያመኑት የሙሴን የሥርዓት ሕግ ሁሉ እንዲሸከሙ አላስገደዱም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ንቅሳትን በስም ጠቅሶ የሚከለክል አንቀጽ የለውም። ሆኖም ጤንነትን ስለ መጠበቅ፣ ሥጋንም እንደ ጣዖት ስለ ማክበር በቁጥር 2288 እና 2289 የሚሰጠው ትምህርት ጉዳያችንን ይነካዋል።

የክርስቲያኖችን ታሪክ ስንመረምር ደግሞ ንቅሳት ለብዙዎች የእምነት ምስክር ሆኖ እንደ ኖረ እንረዳለን። የግብጽ ኮፕቶች በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ትንሽ መስቀል ይነቀሳሉ። በኢየሩሳሌም ከግብጽ የመጣ ራዙክ የተባለ የኮፕት ቤተሰብ፣ ከእንጨት በተቀረጹ ማኅተሞች እየታገዘ ቅዱሳን ቦታዎችን ለሚሳለሙ ሰዎች የመስቀል ምልክት ሲነቅስ ብዙ ትውልድ አሳልፏል። በቦስንያ ያሉ ካቶሊክ ሴቶችም በቱርኮች አገዛዝ ዘመን በእጃቸውና በደረታቸው ላይ መስቀል ይነቀሱ ነበር። በእኛም አገር፣ በተለይ በሰሜኑ ክፍል፣ የእናቶቻችን ግንባር ይህንኑ ይመሰክራል።

ነፍሳቸውን ይማርና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ መጋቢት 10 ቀን 2010 ዓ.ም. በሮም ከወጣቶች ጋር በተገናኙ ጊዜ፣ ከዩክሬን የመጣ አንድ የዘርዓ ክህነት ተማሪ ስለ ንቅሳት ጠይቋቸው ነበር። እርሳቸውም ንቅሳትን እንዳይፈራ መክረው፣ ኤርትራውያን ክርስቲያኖች በግንባራቸው ላይ የሚነቀሱትን መስቀል በምሳሌነት አነሡ። ልክን ማለፍ እንዳለ አልሸሸጉም፤ ነገር ግን ንቅሳት አንድ ሰው የማን ወገን መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ስለ ሆነ፣ ካህኑ ስለ ትርጉሙ በመጠየቅ ከወጣቱ ጋር ውይይት ሊጀምር እንደሚችል አስረዱ። ዕለቱ በአገራችን አቆጣጠር መስቀሉ የተገኘበት የመጋቢት መስቀል መሆኑን እዚያ የነበሩት ብዙዎቹ አላወቁ ይሆናል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ቀለሙ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለው ሳይሆን፣ ምልክቱ የሚናገረውን ቃል ተሸካሚው ሊጠብቀው ይችላል ወይ የሚለው ነው። ቅዱስ አውጎስጢኖስ በዚህ ረገድ የሚጠቅመን ምሳሌ አለው። በሮማውያን ዘመን ወታደር በሰውነቱ ላይ የማይጠፋ ምልክት ይደረግበት ነበር። ከጦሩ ቢኮበልል እንኳ ምልክቱ አይለቀውም፤ ንስሐ ገብቶ ቢመለስም እንደ ገና አይታተምም። ቅዱሱ በዚህ አምሳል የጥምቀት ማኅተም እንደማይጠፋና እንደማይደገም አስተማረ። ስለዚህ ክርስቲያን ለመነቀስ ሲነሣ አስቀድሞ የታተመ ሰው መሆኑን ያስብ። በክንዱ ላይ መስቀል የሚጨምር ሰው በጥምቀቱ የገባውን ቃል በአደባባይ ይደግማል። በዚያው ክንድ ሰውን ቢመታ፣ ጉቦ ቢቀበል፣ አላፊ አግዳሚው የሚያነበው መስቀሉን ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ምክንያትን መመርመር ይገባል። ጓደኞቹ ስለ ተነቀሱ የሚነቀስ አለ፤ በንዴት ወይም በፍቅር ትኩሳት የሚነቀስም አለ። የእጮኛውን ስም በደረቱ ላይ ያስጻፈ ወጣት፣ ጋብቻው ሳይፈጸም ቢቀር ያንን ስም ይዞ ወደ ሌላ ትዳር ይገባል። የቅዱሳንን ሥዕል ወይም የግእዝ ጸሎት ማስነቀስ የሚፈልግም ሥዕሉ በየትኛው የሰውነት ክፍል ላይ እንደሚያርፍ ያስብ፤ በውጭ አገር ፊደላችንን በማያውቅ ነቃሽ እጅ የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ፊደል አስቀድሞ በወረቀት ላይ ያረጋግጥ። የተሳሳተ ፊደል በላጲስ አይጠፋም።

ንቅሳቱን እንደ ክታብ የሚቆጥር ሰው ግን ከዚህ የከፋ ስሕተት ላይ ነው። በአንዳንድ አካባቢ የአንገት ንቅሳት እንቅርትን ይፈውሳል ይባል ነበር። እንቅርት በአብዛኛው ከአዮዲን እጥረት የሚመጣ በመሆኑ የሚከላከለው አዮዲን ያለው ጨው እንጂ ጥላሸት አይደለም። መስቀሉም ቢሆን ከቡዳ እንዲጠብቅ ተብሎ የሚነቀሱት ከሆነ፣ እምነት መሆኑ ቀርቶ ከንቱ ልማድ ይሆናል።

ስለ ጤንነት ደግሞ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በቀድሞው ዘመን በእሾህ ወይም በመርፌ ቆዳ እየተወጋ ጥላሸት ይቀባ ነበር፤ አንዱ መርፌም ለብዙ ልጃገረዶች ያገለግል ነበር። ዛሬ መሣሪያው ቢለወጥም መርፌው ደም መንካቱ አልቀረም። በሚገባ ባልተቀቀለ ወይም ሌላ ሰው በተጠቀመበት መርፌ የኤች.አይ.ቪ. እና ጉበትን የሚጎዱት የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ቫይረሶች ሊተላለፉ ይችላሉ። ስለዚህ መርፌው አዲስ መሆኑንና በፊቱ መከፈቱን፣ ቀለሙም ለእርሱ ብቻ የተቀዳ መሆኑን ሳያይ ማንም ክንዱን አይስጥ። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው እያበጠ የሚያድግበት ሰው ቢተወው ይሻላል፤ ይህ ዓይነት ጠባሳ በጥቁር ሕዝቦች ላይ ይበዛል። ከተነቀሱ በኋላ የደም ባንኮች ለወራት ደም እንዳይሰጡ ሊያደርጉ እንደሚችሉም ማወቅ ደግ ነው። በሌዘር ማስጠፋት ይቻላል ቢባልም ሥራው በአንድ ጊዜ አይፈጸምም፤ ወጪው ብዙ ነው፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ነጭ ምልክት ወይም ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው ገና ያልተነቀሱትን ነው። ተነቅሶ የመጣን ሰው በተመለከተ ግን ካቴኪስቶቻችንን አንድ ነገር እንለምናቸዋለን። በእስር ቤት ወይም በስደት ሳለ የተነቀሰ፣ ዛሬ የሚያፍርበትን ሥዕል በአንገቱ የተሸከመ ወጣት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ፣ ከበሩ ላይ ዓይናችን እጀ ጠባቡን እንዲያስረዝም አያስገድደው። ቅዱስ ጳውሎስ ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው ያለው (1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6) ለተነቀሰውም ሰው ነው።

ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። መምህሩ ወዲያው አልፈረደም። ሁለት ነገሮችን ብቻ አዘዘው፤ ውሳኔውን ለአንድ ዓመት እንዲያቆይ፣ እናቱንም መስቀሉን ማን እንደ ነቀሳቸው እንዲጠይቅ። እናቱም የዚያን ምሽት ነገሩት። ሰባት ዓመት ገደማ ሳሉ የጎረቤት ሴቶች እጃቸውንና እግራቸውን ይዘው፣ አንዲት ባልቴት በእሾህ ነቀሰቻቸው። ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም፤ ፊታቸው አብጦ ለቀናት ዓይናቸውን መግለጥ አቅቷቸው ነበር። ወደ ከተማ በመጡ ጊዜ ሰዎች እየጠቆሙ ስለ ሳቁባቸው ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው ማሰር ጀመሩ። ባላቸው የሞቱ ሌሊት ግን ጸሎት ጠፍቷቸው፣ ሲነጋጋ ጣታቸውን በመስቀሉ ላይ አድርገው መቀመጣቸውን ያስታውሳሉ።

ልጃቸው ያንን መስቀል ከተወለደ ጀምሮ ሲያየው ኖሯል፤ እስከዚያ ምሽት ግን ጠይቋቸው አያውቅም ነበር።