የሲጋራ ቁራጭና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ባትሪ

የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ አመድም ቁራጭም ስለሌለው አካባቢን አይበክልም ሲባል እንሰማለን። እስቲ አባባሉን እንመርምረው።

የተለመደው ሲጋራ ማጣሪያ ጥጥ ይምሰል እንጂ ሴሉሎስ አሲቴት የተባለ ፕላስቲክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳስታወቀው በየዓመቱ 4.5 ትሪሊዮን ያህል ቁራጭ ይጣላል። ቁራጩ ወደ ደቃቅ ክሮች ይሰባበራል እንጂ ቶሎ አይበሰብስም፤ ያጠራቀመውን ኒኮቲንም ለውኃ ይለቃል።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ደግሞ ከፕላስቲኩ ሌላ የሊቲየም ባትሪ ይዟል። ባትሪው በቆሻሻ መኪና ውስጥ ሲጨፈለቅ ሁለቱ ዋልታዎቹ ሊነካኩ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የታመቀው ኃይል በቅጽበት ወደ ሙቀት ተለውጦ እሳት ያስነሳል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2025 የዚህን ዓይነቱን ሽያጭ አግዳለች።

እንግዲህ አንዱ በብዛቱ፣ ሌላው በባትሪው ይጎዳል። አመድ አለመኖሩ የንጽሕና ማረጋገጫ አይሆንም።