ዝናቡ ሲቀር ዕዳው የማን ነው? ስለ አየር ንብረት ለውጥ ልብ ወለድ ለሚጽፉ

በአየር ንብረት ለውጥና በማኅበራዊ ፍትሕ ላይ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ሁለቱን ነጣጥሎ ሲይዛቸው ነው። ድርቁ የጀርባ ሥዕል ሆኖ ይቀራል፤ ፍትሑ የገጸ ባሕርያት ንግግር ይሆናል። ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ለሚጽፍ ሰው ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ አዘጋጅተው ይጠብቁታል።

1. ከውል ጀምሩ። መሬት ኖሯት የማረስ አቅም ያጣች ሴት ማሳዋን ለወጣት አራሽ በእኩል ትሰጣለች። የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ግንቦት ይጠበቃል። ሲቀር የሚካፈሉት ኪሳራ ነው። ዘሩን ያወጣው ማን ነው? በሬዎቹን ማን ይቀልባል? የእነዚህ መልስ ከተገኘ የታሪኩ ግማሽ ተጽፏል።

2. አንዲት ድርጊት ላይ ቆዩ። ለዘር የተቀመጠ ገብስ ሊቆላ ነው እንበል። ሴትየዋ ጎረቤት እንዳያይባት ሌሊት ምጣድ ትጥዳለች። ኩበቱ ያጨሳል፣ ገብሱ ይንጣጣል፣ ልጇ ከሽታው የተነሣ ይነቃል። ጠዋት አራሹ መጥቶ «እትዬ፣ ዘሩን ላውጣ?» ይላታል። የምትመልስለትን ፈልጉ። በዚያ ገጽ ላይ «ድርቅ» የሚል ቃል አያስፈልግም።

3. አስረጂ ገጸ ባሕርይ አታስገቡ። ስለ ካርቦን ሁለት ገጽ የሚያብራራ የግብርና ባለሙያ ታሪኩን ይገድለዋል። ባለሙያው ካስፈለገ የራሱ ጭንቀት ይኑረው፤ ማሳ ላይ ያየውና ከበላይ የተጠየቀው ሪፖርት አልገጥም ይበሉት። ሳይንሱን ግን እናንተ እወቁት። የአንድ ዓመት በልግ መቅረት ብቻውን የአየር ንብረት ለውጥን አያረጋግጥም፤ ለውጡ የሚለካው በአሥርት ዓመታት ነው። ስለዚህ አያትንና የልጅ ልጅን በአንድ ማሳ ላይ ማቆም ጥሩ ዘዴ ነው።

4. በደልን በተጨባጭ ጥያቄ አሳዩ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ገበሬዎቹን በጌታቸው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ያስነሳቸው ከልማድ ውጭ በተጠየቁት መዋጮ ነው።

5. ትክክለኛው ወገን ማን እንደሆነ መወሰኑን አታቅልሉት። ከሁሉ የከበደው ሥራ ይህ ነው፤ በመንዝ ያለው የጓሳ ሣር መሬት ደግሞ ጥሩ መለማመጃ ነው። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይፈለጋል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም እዚያው ይኖራሉ። ሕዝቡ ቦታውን ለ400 ዓመታት ገደማ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቆት ነበር፦ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ፣ ሲፈቀድ ይታጨድ ነበር። የመጠቀም መብቱ ግን አስቦና ጌራ የተባሉ የቀደሙ አባቶች ዘር ነን ለሚሉት ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሲመጣ ያ የዘር መብት ቀረ፣ ጥበቃውም አብሮ ላላ። ሣሩን ያዳነው ደንብ ሰው ያገለለ ነበር፤ ደንቡ ሲፈርስ የተገለለው ሲገባ ሣሩ ተጎዳ። አንድ ጸሐፊ ጠባቂውን ጀግና፣ በሌሊት የሚያጭደውን ሌባ አድርጎ ቢጽፍ ይህን ሁሉ ይጥለዋል። አጫጁ ቤቱ የሚያፈስበት፣ ከዘሩም ከደንቡም ውጭ የተወለደ ሰው ይሁን፤ ጠባቂውም የሚጠብቀው ነገር በእውነት ውድ ይሁን። ሁለቱንም አንባቢ እስኪያምናቸው ድረስ ጻፉ፤ ፍርዱን አታፋጥኑ።

6. ረቂቁን ለአራሽ አንብቡለት። ውርጭ ባቄላውን የመታበትን ወር፣ የሚዘራበትን ሳምንት፣ የእኩል አከፋፈሉን ይጠይቃችኋል። የሚያርመውን በዚያው ቀን አስተካክሉ።