ጠላስ መጠጥ አይደለምን?

በጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ጮቄ ግርጌ፣ «መጠጥ ትጠጪያለሽ?» የተባለች ነፍሰ ጡር «ኧረ እኔ!» ብላ ብትመልስ ዋሸች አይባልም። በእሷ ግምት መጠጥ ማለት አረቄና ቢራ ነው። ጠላ ግን በሠርጉም፣ በደቦውም፣ በማኅበሩም የሚቀርብ የቤት ነገር ነው። «ጉልበት ይሆንሻል፣ ጠጪ» የሚሏትም አይጠፉም።

ለመሆኑ ጠላ አልኮል የለበትምን? አለበት። ከአረቄ ቢቀልም በጣሳ በጣሳ ሲደጋገም ማነሱ በብዛቱ ይካካሳል።

እናት የጠጣችው አልኮል ከደሟ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። የጽንሱ ጉበት ገና ስላልጠነከረ ቶሎ ሊያስወግደው አይችልም። አንጎል ደግሞ ማርገዟን ሳታውቅ ካሉት ሳምንታት ጀምሮ እስከ ወሊድ ድረስ የሚገነባ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ሌምዋን በ1968 እ.ኤ.አ. ጉዳቱን ገልጸው ነበር፤ በ1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያኑ ጆንስና ስሚዝ «የጽንስ አልኮል ሲንድሮም» የሚል ስም ሰጡት። ለነፍሰ ጡር አይጎዳም ተብሎ የተረጋገጠ መጠን እስከ ዛሬ የለም።

ጉዳቱ ሁልጊዜ በመልክ አይታወቅም። ልጁ የተነገረውን ይረሳል፤ ሒሳብ አይገባውም፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተዋል፤ ከትናንት ቅጣቱ አይማርም። መምህሩ «ሰነፍ»፣ ጎረቤቱ «ባለጌ» ይሉታል፤ አለንጋም ይወርድበታል። እርግጥ ረባሽ ልጅ ሁሉ የመጠጥ ሰለባ አይደለም። ሆኖም ዱላ የተጎዳ አንጎል አይጠግንም። እንዲህ ላለው ልጅ የሚበጀው ትዕግሥት፣ አጭርና የተደጋገመ ትእዛዝ፣ የማይለዋወጥ የቀን ሥርዓት ነው።

ጥፋቱን በእናቲቱ ጫንቃ ላይ ብቻ መጫን ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው። ጣሳውን የሚሞላላት ባሏ፣ «ካልጠጣሽ ንቀሽኝ ነው» የሚላት ደጋሽ የት ሄዱ?

«በእኛ ዘንድ አስካሪ ነገር ሐራም ነው፤ ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጎረቤት ግን ሐቅ አለው፤ ልጆቹም ከልጆቻችን ጋር በአንድ ወንበር የሚማሩ ናቸው። እርጉዝ ጎረቤት ቤታችን ስትመጣ ወተት ወይም ያልፈላ ብርዝ አቅርበን ነገሩን በፍቅር ማስረዳት አይከብደንም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችንም አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፦ «መጠጥ» ብላችሁ አትለፉ፤ ጠላን በስሙ ጥሩት። «በቀን ስንት ጣሳ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጠጣችውንም አታስደንግጧት፤ በየትኛውም ወር ብታቆም ለልጇ ይጠቅመዋልና።