የመስክ መኪና ነዳጅ የሚበላው ምኑ ነው?

ለመስክ ጥናት ከከተማ የወጣ ተማሪ ሁሉ አንድ የተለመደ ክርክር ሳይሰማ አይቀርም። አንዱ «ነዳጁን የሚጨርሰው ፖርቶ መጋላው ነው» ይላል። ሌላው ትልልቆቹን ጎማዎች ይወቅሳል። ሹፌሩ ደግሞ ጭነቱን ዞር ብሎ እያየ «እኔስ ምን አውቃለሁ፣ መኪናው ከብዶታል» ብሎ ያልፋል። ሦስቱም የሚናገሩት ከልምዳቸው በመነሣት ስለሆነ ሦስቱም እውነት አላቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ትክክል የሚሆኑት በተለያየ መንገድ ላይ ነው።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ማደያ በማይገኝበት ቆላ ውስጥ በ20 ሊትር መሳሳት ማለት ሰውንና መኪናን መንገድ ላይ ማስቀረት ማለት ነው። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ በመኪናው ላይ የምናደርጋቸው ጭማሪዎችና የምንነዳበት መንገድ በነዳጅ ላይ ያላቸውን ጫና በቀላል የፊዚክስ ስሌት እንመረምራለን።

መኪናውን ወደ ኋላ የሚይዙት ኃይሎች

በሜዳ ላይ በማይለዋወጥ ፍጥነት የሚጓዝ መኪና ሁለት ኃይሎችን ያሸንፋል። የመጀመሪያው የመንከባለል ሰበቃ ነው። ጎማው መሬት በነካ ቁጥር ይጨፈለቃል፤ ሲለቀቅም ለመጨፍለቅ የወሰደውን ጉልበት ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ይህ ሰበቃ ከመኪናው ክብደት ጋር ተመጣጣኝ ሲሆን፣ ፍጥነት እምብዛም አይለውጠውም። ሁለተኛው የአየር ተቃውሞ ነው። ይህ ኃይል በመኪናው ቅርጽ፣ በፊት ለፊት ስፋቱና በአየሩ እፍጋት ይወሰናል። ከሁሉም በላይ ግን ከፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየር ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል።

አሁን ኃይሉን ወደ ሊትር እንለውጥ። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋ ጁል ያህል ጉልበት ይይዛል። አብዛኛው በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሩቡ፣ ማለትም 9 ሜጋ ጁል፣ ጎማው ላይ ይደርሳል ብለን እንነሣ። አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ሙሉ 90 ኒውተን የሆነ ተቃውሞን ማሸነፍ የሚጠይቀው ሥራም ልክ 9 ሜጋ ጁል ነው። ስለዚህ ለማስታወስ የሚቀል ሕግ እናገኛለን፦ እያንዳንዱ 90 ኒውተን በ100 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ያስወጣል።

ለምሳሌ 2,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በአስፋልት ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይጓዝ እንበል። የመንከባለል ሰበቃው የክብደቱ 1.5 በመቶ ቢሆን 412 ኒውተን ይሆናል። የቅርጽ ቁጥሩን 0.55፣ የፊት ስፋቱን 3.2 ካሬ ሜትር፣ የአየሩን እፍጋት በሜትር ኩብ 1 ኪሎ ግራም ብንወስድ የአየር ተቃውሞው 435 ኒውተን ነው። ድምሩ 847 ኒውተን ለ90 ሲካፈል በ100 ኪሎ ሜትር 9.4 ሊትር ይሰጠናል። ፍጥነቱን ወደ 100 ብናደርሰው የአየር ተቃውሞው 679 ኒውተን ይሆንና ፍጆታው ወደ 12.1 ሊትር ያድጋል። በየመቶ ኪሎ ሜትሩ ያተረፍነው 15 ደቂቃ ነው፤ የከፈልነው ደግሞ 2.7 ሊትር።

አንድ ጭማሪ፣ ሁለት ዋጋ

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። በመኪናው ጣራ ላይ ፖርቶ መጋላ ተገጥሞ የአየር ተቃውሞውን በ20 በመቶ ጨመረ እንበል። በሌላ በኩል የፊት መከላከያ ብረት፣ ሁለተኛ ትርፍ ጎማ፣ ውሃና መሣሪያ ተደምረው 300 ኪሎ ግራም ጨመሩ። የትኛው ይብሳል?

በአስፋልት ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስንጓዝ ፖርቶ መጋላው 87 ኒውተን፣ ማለትም 1 ሊትር ገደማ ይጨምራል። 300 ኪሎ ግራሙ ግን 44 ኒውተን፣ ማለትም ግማሽ ሊትር ብቻ ይጨምራል። እዚህ ላይ ፖርቶ መጋላውን የወቀሰው ሰው ተረታ አይባልም።

ከአስፋልቱ ወርደን ኮረኮንቹን ስንይዝ ነገሩ ይገለበጣል። ፍጥነታችን ወደ 40 ሲወርድ የአየር ተቃውሞው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የመንከባለል ሰበቃው ግን የክብደቱ 3 በመቶ ሆኖ እጥፍ ይሆናል። አሁን ፖርቶ መጋላው የሚጨምረው ሩብ ሊትር ያህል ሲሆን፣ ክብደቱ 1 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ሹፌሩም ትክክል ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የምናገኘው ዋና ትምህርት አንድ ጭማሪ በራሱ የተወሰነ ዋጋ የሌለው መሆኑን ነው። ዋጋውን የሚተምንለት መንገዱና ፍጥነቱ ነው። «ይህ ዕቃ ስንት ነዳጅ ይበላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «በየትኛው መንገድ፣ በምን ፍጥነት?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ዳገትና ቁልቁለት

የአገራችን መንገድ ሜዳ ብቻ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና በእያንዳንዱ ወገን ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያቋርጣል። 2,800 ኪሎ ግራም ክብደትን 1,000 ሜትር ወደ ላይ ማንሣት 27.4 ሜጋ ጁል ይጠይቃል፤ ይህም በእኛ ስሌት ከሜዳው ፍጆታ በላይ 3 ሊትር ነው። የተጨመረው 300 ኪሎ ግራምም ሲሶ ሊትር ይጨምርበታል።

ቁልቁለቱ ይህንን ሁሉ አይመልስልንም። መኪናውን በፍሬን ስንይዝ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል። አንዳንድ ሹፌሮች ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ ይወርዳሉ፤ ይህ ግን አደገኛ ስሕተት ነው። ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ መርገጫው ሲነሣ፣ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ስለሆኑ የናፍጣ ፖምፓው ነዳጅ መስጠቱን ያቆማል። በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል፤ ፍሬኑም ብቻውን ቀርቶ ይግላል።

ጎማ፦ መጠኑና ንፋሱ

ትልቅ ጎማ ሲገጠም «ነዳጅ ጨመረ» የሚለው ቅሬታ በከፊል የቆጣሪው ስሕተት ነው። 265/75 የሆነ ባለ 16 ኢንች ጎማ ቁመቱ 804 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 285/75 የሆነው 834 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር 3.7 በመቶ የበለጠ ይጓዛል፤ ቆጣሪው ግን ይህን አያውቅም። ቆጣሪው 500 ኪሎ ሜትር ሲል መኪናው 519 ገደማ ተጉዟል። በ60 ሊትር ብናካፍለው፣ በሊትር 8.3 ኪሎ ሜትር የመሰለን በእውነቱ 8.6 ነው። ትልቅ ጎማ በክብደቱና በጥርሱ ሻካራነት ነዳጅ መጨመሩ እውነት ቢሆንም፣ ቆጣሪው ሳይታረም የሚሰጥ ፍርድ ጎማውን ያለ ጥፋቱ ይከሰዋል።

የጎማ ንፋስ ደግሞ የመንገዱን ፍርድ በጉልህ ያሳያል። በአስፋልት ላይ ንፋሱ ያነሰ ጎማ ይበልጥ ስለሚጨፈለቅ ሰበቃው ይጨምራል፤ ከመጠን በላይ ግሎም ሊፈነዳ ይችላል። በአፋር አሸዋ ላይ ግን ንፋሱን መቀነስ ጎማው ተዘርግቶ እንዳይሰምጥ ስለሚያደርገው ሰበቃውን ይቀንሳል። አንዱ ድርጊት በአንዱ መንገድ ነዳጅ ያባክናል፤ በሌላው ይቆጥባል። ስለዚህ በመስክ መኪና ውስጥ ንፋስ መሙያ መያዝ ቅንጦት አይደለም።

ከፍታና ሞተር

አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር እፍጋቱ በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ይህ በአንድ በኩል የአየር ተቃውሞን ይቀንስልናል። በሌላ በኩል ግን ለብዙ ዓመታት በመስክ ሥራ የተለመደው የላንድ ክሩዘር ባለ 6 ሲሊንደር 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ሞተር ቱርቦ ስለሌለው፣ በደጋ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ፖምፓው ለቆላ አየር የተስተካከለ ከሆነ ናፍጣው በሚገባ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በአቧራ የተደፈነ የአየር ፊልትሮም ተመሳሳይ ችግር ያስከትላል።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ሩብ ያልነው የሞተር ብቃት ሁልጊዜ ያው አይደለም። በጭቃ ወይም በአሸዋ ውስጥ በከባድ ማርሽ ስንሄድ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ መኪናው ግን በዝግታ ስለሚጓዝ፣ ብቃቱ በብዙ ይቀንሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ከስሌቱ በላይ መያዝ ግድ ነው።

ከስሌት ወደ ጉዞ

እንግዲህ አንድ ቡድን 400 ኪሎ ሜትር አስፋልትና 150 ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ሄዶ ሊመለስ አስቧል። ሰልባቲዮው አዲስ አበባ ላይ ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ ማደያ መኖሩ አያስተማምንም። ባዶው መኪና በአስፋልት በሚፈጀው 9.4 ሊትር ብቻ ቢያሰላ ለ1,100 ኪሎ ሜትሩ 103 ሊትር ይበቃኛል ይላል። ፖርቶ መጋላውንና 300 ኪሎ ግራሙን ስናስገባ ግን አስፋልቱ በመቶ ኪሎ ሜትር 10.9፣ ኮረኮንቹ 11.6 ሊትር ይሆንና ድምሩ 122 ሊትር ይደርሳል። የጎደለው 19 ሊትር በኮረኮንቹ ላይ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ነው። ዳገቱንና ጭቃውን ገና አልቆጠርንም።

ስሌት ያለ ልኬት ግምት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሰልባቲዮውን ጢም አድርጎ ሞልቶ መነሣት፣ ሲመለሱ እንደገና ጢም አድርጎ የገባውን ሊትር መመዝገብ፣ አስፋልቱንና ኮረኮንቹን ለየብቻ መጻፍ፣ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ያስፈልጋል። ጭማሪውንም ጎማውንም ለውጦ አንዱን መውቀስ ሳይንስ አይደለም።

ለአንባቢያን አንድ ጥያቄ እንተው። ይኸው ቡድን በአስፋልቱ ላይ በ80 ፋንታ በ100 ቢነዳ ስንት ሊትር ያስፈልገዋል? በ90 ኒውተን ሕግ የሠራ ተማሪ 148 ሊትር ገደማ ያገኛል። በሁለት ሰዓት ቁጠባ ከአንድ ጀሪካን በላይ ናፍጣ ይሄዳል ማለት ነው። ከመነሣታችን በፊት ይህን ማወቅ ከማደያ ርቆ ከማወቅ ይሻላል።