ሚያታዋ ከበረዶው በፊት

ሚኒያፖሊስ ውስጥ ኦክቶበር ሲገባደድ በረዶው ይቃረባል፤ ከበረዶው ጋር የመንገዱ ጨው ይመጣል። ወጣቱ ባለሁለት መቀመጫ፣ አሮጌ ማዝዳ ሚያታ ገዝቶ በጋውን ሙሉ ጣሪያዋን ከፍቶ ሲነዳ ከርሟል። ጋሼ መካኒክነትን አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ጀምረው ሚኒሶታ ላይ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጋራዡ ከወጣቱ ቤት ጀርባ ነው፤ ማሞቂያ የለውም።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ እስከ ኤፕሪል እዚህ ላቆማት ነው። ብርዱ እንዳይጎዳብኝ ፈራሁ።

ጋሼ፦ ብርዱስ ብዙ አያደርጋትም። ራዲያተሯ ውስጥ ያለው ውሃና አንቲፍሪዝ እኩል በእኩል ከሆነ ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ድረስ ይችላል። እሱን አሁኑኑ በመለኪያ እናየዋለን። እኔን የሚያሳስበኝ እርጥበት ነው። የቆመች መኪና የምትበላው በውሃና በጨው ነው።

ወጣቱ፦ እንግዲያው መጀመሪያ ማጠብ ነዋ።

ጋሼ፦ ማጠብ፣ ያውም ከሥር። ሰው ከላይ አጥቦ፣ ሰም ቀብቶ፣ ፎቶ አንስቶ በቃኝ ይላል። እስቲ እጅህን ፓራፋንጎው ውስጥ አስገባ፤ ያ የዳሰስከው ጭቃ እርጥበቱን ይዞ ነው የሚከርመው። ና ደግሞ ወዲህ። ከመቀመጫዎቹ ጀርባ፣ ጣሪያው የሚታጠፍበት ጥግ፣ ግራና ቀኝ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ አለ። አየኸው? ቅጠል ደፍኖታል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ከበሩ ሥር ወዳለው ብረት ይወርድና ከውስጥ ወደ ውጭ ያዝገዋል። ቀለሙ ፊኛ ሲሠራ ስታይ ብረቱ አልቋል ማለት ነው። ስንቷ ሚያታ ሞተሯ ምንም ሳይሆን በዚህ ቀርታለች! ሹል ሽቦ አትክተትበት፣ ቱቦው ይቀደዳል። በለስላሳ ነገር ጥረገውና ውሃ አፍስስበት፤ ከሥር ሲንጠባጠብ ካየህ ተከፍቷል።

ወጣቱ፦ ጣሪያዋን አጥፌ ላስቀምጣት?

ጋሼ፦ ኧረ በፍጹም! የኋላ መስኮቷ ፕላስቲክ ነው። ታጥፎ የከረመ ፕላስቲክ በብርድ ሲዘረጉት እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ዘግተህ አቁማት። ከታጠበች በኋላ ደግሞ ወዲያው አታስገባት፤ ፍሬኗም ሞተሯም በደንብ እስኪሞቅ ንዳትና ትድረቅ። በዚያው ቤንዚን ሙላ።

ወጣቱ፦ ቤንዚን ሲቆይ ይበላሻል ይሉ የለ? ባዶ ብተወው አይሻልም?

ጋሼ፦ ባዶ ታንክ በአየር የተሞላ ታንክ ነው። አየሩ ሲቀዘቅዝ የያዘው እርጥበት ግድግዳው ላይ ውሃ ይሆናል። ሙላው፣ ግን እስከ አፉ አይሁን፤ ሲሞቅ የሚለጠጥበት ቦታ ተውለት። ተራው ቤንዚን 10 በመቶ ኢታኖል አለበት፣ ኢታኖል ደግሞ ውሃ ይስባል። እዚህ ሚኒሶታ ለጀልባ፣ ለበረዶ ሞተርና ለአሮጌ መኪና ብለው ኢታኖል የሌለው ፕሪሚየም የሚሸጡ ማደያዎች አሉ፤ ከነሱ ቅዳ። ቤንዚን እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ፈሳሽ ቀድመህ ጨምርበትና አሥር ደቂቃ ያህል ንዳ፤ እስከ ኢንጀክተሮቹ መድረስ አለበት። ስትመለስ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ዘይቱን ከነፊልትሮው እንቀይራለን።

ወጣቱ፦ ዘይቱ እኮ ጊዜው አልደረሰም። አዲስ ዘይት ጨምሮ ማቆም ብክነት አይሆንም?

ጋሼ፦ የሠራ ዘይት ከቃጠሎው የመጣ አሲድና ውሃ አለበት። እሱ ኩሽኔታው ላይ አምስት ወር ይተኛበት ትለኛለህ? አዲሱ በአምስት ወር ምንም አይሆን፤ ስታወጣት በዚያው ትነዳለህ።

ወጣቱ፦ ባትሪውስ?

ጋሼ፦ ያንተዋ ባትሪ ከኋላ ነው፤ ሞተሩ ጋ እንዳትፈልገው። ቻርጅ ሲሞላ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳይሃል፤ ያን ጊዜ የዚህ አገር ብርድ አይበግረውም። ባዶውን ካስቀረኸው ግን ፈሳሹ ውሃ ስለሚበዛበት በቀላሉ በረዶ ይሆንና ሆዱን ይሰነጥቀዋል። ሲሞላ ራሱ የሚቀንስ ቻርጀር ግዛ። መሳቢያህ ውስጥ ያለው የድሮው ዓይነት ቀንና ሌሊት ከተሰካ ባትሪውን ያደርቀዋል።

ወጣቱ፦ ለጎማዎቹ ብዬ በክሪክ ላንሳት?

ጋሼ፦ አያስፈልግም፤ እግሯ ተንጠልጥሎ ባይከርም ይሻላል። ንፋሱን ለመንገድ 26 ፒኤስአይ ነው የምትሞላው፤ አሁን 40 አድርሰው፣ ብቻ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ጣሪያ እንዳታልፍ። እነዚህ የበጋ ጎማዎች ናቸው፤ ከ7 ዲግሪ በታች ይደርቃሉ፣ ብርዱ ሲበረታ ደግሞ በእንቅስቃሴ ብቻ ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ስለዚህ ጃንዋሪ ላይ ጋራዥ ላጽዳ ብለህ አትግፋት። የእጅ ፍሬኑን አትሳብ፣ ሸራው ዲስኩ ላይ ይጣበቃል። ማርሽ አስገባና ጎማው ሥር እንጨት አድርግ። ማርሚታውንና የአየር ማስገቢያውን በድስት መፈተጊያ ሽቦ ድፈን፤ አይጥ ሙቀት ፍለጋ ትገባለች። መደፈንህን ወረቀት ላይ ጽፈህ መሪው ላይ እሰረው።

ወጣቱ፦ የምትለብሰው ላስቲክ ገዝቻለሁ።

ጋሼ፦ መልስ። ላስቲክ እንደ ድስት ክዳን ነው፣ ከሥሩ ያልባል። አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ አልብሳት። ላስቲኩን ካልመለሱልህ ወለሉ ላይ አንጥፈውና እላዩ ላይ አቁማት፤ ከሲሚንቶው የሚወጣውን እርጥበት ያግድልሃል።

ወጣቱ፦ በየሁለት ሳምንቱ እያስነሳሁ ትንሽ ላሙቃት ነበር ሐሳቤ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚመክረኝ።

ጋሼ፦ እኔ ደግሞ አትንካት ነው የምልህ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። ረጅም መንገድ ስትሄድ እንፋሎት ሆኖ በማርሚታው ይወጣል፣ አታየውም። ቆማ አሥር ደቂቃ ብታስነሳት ግን ሞተሩ ሳይግል ታጠፋታለህ፤ ውሃው ገሚሱ ማርሚታው ውስጥ፣ ገሚሱ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። እስካሁን ያደረቅነውን ሁሉ መልሰህ አረጠብከው። ባትሪውም ያወጣውን ያህል አይሞላም። ከሁሉ የሚብሰው ጭሱ ነው፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለው፣ በተዘጋ ጋራዥ ሰው ይገድላል። ይህን እንደ ሌላው ምክር እንዳታየው፤ የመኪናዋ ነገር ሁሉ ይጠገናል።

ወጣቱ፦ እሺ ጋሼ፣ አልነካትም። ካልነዳኋት ኢንሹራንሱን ልሰርዘው?

ጋሼ፦ አትሰርዘው። ደውልና ቆማ ልትከርም ነው በላቸው፤ የእሳቱንና የስርቆቱን ሽፋን ሳትለቅ ሌላውን የምትቀንስበት መንገድ ካለ ይነግሩሃል።

ወጣቱ፦ ኤፕሪል ላይ በረዶው እንደቀለጠ ላውጣት?

ጋሼ፦ በረዶው ቢቀልጥም ጨው አስፋልቱ ላይ አቧራ ሆኖ ይቆያል። ሁለት ሦስት ጥሩ ዝናብ መንገዱን ይጠበው። ከዚያ ሽቦውን ንቀል፣ ንፋሱን ወደ 26 መልስ፣ ፍሬኑን ረግጠህ ሞክር። ዲስኩ ላይ ስስ ዝገት ስላለ መጀመሪያ ያንኳኳብሃል፤ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ስትይዝ ይጠፋል። ካልጠፋ አቁምና ደውልልኝ። እዚህ አገር ኤፕሪልም በረዶ ይጥላል፤ በበረዶው የምትነዳትን ኮሮላህን እስከ ሜይ እንዳትሸጥ።